ፔሮሉን አሳዩን ያሉ ገበሬዎች

ራጃስታን በቆዳ ስፋቷ ከሕንድ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ትልቋ ናት፤ ምዕራቧን የያዘው ግን የታር በረሃ ነው። ዝናብ በጠፋ ዓመት መንግሥት ገበሬውን ከስደትና ከረሃብ ለማዳን የድርቅ ሥራ ይከፍታል። ሥራው በእኛ አገር ሴፍቲኔት ከምንለው ጋር ይመሳሰላል፤ ኩሬ ይቆፈራል፣ የገጠር መንገድ ይጠረጋል፣ ውኃ የሚይዝ ግድብ ይሠራል፣ የቆፈረና ድንጋይ የተሸከመም የቀን ክፍያውን ይቀበላል። ክፍያው በሕግ የታወቀ ነበር። በ1983 (የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚያው ከራጃስታን በቀረበለት አቤቱታ፣ የድርቅ ሥራ ሠራተኛም ቢሆን ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ሊከፈለው አይገባም ብሎ ወስኗል። ይሁን እንጂ ዝቅተኛው የቀን ክፍያ 11 ሩፒ በነበረበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለው ሰው ከዚያ ያነሰ ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ ሥራህ ተለክቷል፣ በልኬቱ የሚደርስህ ይህ ነው፣ ፔሮሉ ላይ ተጽፏል ይሉታል። እንግዲያው ፔሮሉን አሳዩኝ ሲል ደግሞ የመንግሥት ሰነድ ለማንም አይታይም ይባላል። ለእምቢታው መደገፊያ የሚሆን ሕግም አልጠፋም። እንግሊዞች በ1923 ያወጡት፣ ነፃ የወጣችው ሕንድም ሳትሽረው የቆየችው የመንግሥት ምስጢር ጥበቃ ሕግ ነበረ።

ገበሬው "ፔሮሉን አሳዩን" ብሎ ባለሥልጣኑ "አይታይም" ካለበት ከዚያ ቦታ የተነሣው እንቅስቃሴ፣ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሕንድን የሚያህል አገር መዝገቡን ለዜጋው እንዲከፍት የሚያስገድድ ሕግ አስወጥቷል። ፍትሐዊ መንግሥት እንፈልጋለን ብሎ አደባባይ የወጣ ሕዝብ በየአገሩ ሞልቷል፤ አብዛኛው የሚመለሰው ቃል ተገብቶለት ነው። የራጃስታን ገበሬዎች በቁጥር ከሌሎቹ አይበልጡም ነበር፣ በገንዘብማ ከሁሉም ያንሱ ነበር። ተሳካላቸው ብዬ የማምንበት ምክንያት የጠየቁት ነገር በእጅ የሚያዝ፣ በዓይን የሚመረመር፣ መሰጠቱና መከልከሉ ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር መሆኑ ነው። ደግ ባለሥልጣን ይሾምልን ቢሉ ኖሮ መንግሥት አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይሾምላቸው ነበር። እነሱ ግን የጻፋችሁትን ወረቀት ቅጂ ስጡን አሉ፤ ለዚህ ጥያቄ ከመስጠትና ከመከልከል በቀር ሌላ መልስ የለም።

ነገሩ የተጠነሰሰው ዴቭዱንግሪ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። በ1987 አሩና ሮይ፣ ኒኪል ዴይ እና ሻንከር ሲንግ ከሻንከር ቤተሰብ ጋር ሆነው በመንደሯ አንዲት የጭቃ ቤት ገብተው መኖር ጀመሩ። አሩና ሮይ በ1968 ብዙ የተማረ ሕንዳዊ የሚመኘውን የመንግሥት አስተዳደር አገልግሎት ፈተና አልፈው ገብተው ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀው ወደ ገጠር ሄዱ። ኒኪል ዴይ በአሜሪካ የጀመረውን ትምህርት ትቶ የተመለሰ ወጣት ነበር። ሻንከር ሲንግ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ በአሻንጉሊት ትርኢትና በዘፈን የአንድን አዋጅ ፍሬ ነገር ላልተማረ ሰው ማስረዳት ይችልበታል። ሦስቱ ከገበሬዎቹ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ፣ በ1990 በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ ቢም በተባለች ከተማ ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የተባለው የሠራተኛና የገበሬ ኃይል ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ከውጭ አገር ለጋሽም ከመንግሥትም ገንዘብ አይቀበልም። ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡት አባላት የሚከፈላቸው ለጉልበት ሠራተኛ የተደነገገውን ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ ነው፤ ሌላው በሙሉ በፈቃዱ፣ ከእርሻውና ከከብቱ ጊዜ ቀንሶ የሚሠራ ነው። ለባዕድ ተልእኮ የቆመ ነው የሚለው ክስ በየአገሩ በተቃውሞ እንቅስቃሴዎች ላይ ይነሣልና ይህ ጥንቃቄ ቀላል ነገር አልነበረም። የራሱን ሂሳብ ሊያሳይ የማይችል ማኅበር የሌላውን ሂሳብ አሳየኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

ማኅበሩ መጀመሪያ የሄደበት መንገድ የታወቀው የተቃውሞ መንገድ ነበር። ሰልፍ ወጡ፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች አንቀበልም ብለው ክፍያውን መለሱ፣ ቢም ላይ የረሃብ አድማ መቱ። ጥቂት አተረፉ፤ ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ የሚያበቃው ወረቀቱ ጋ ሲደርስ ነበር። ገበሬው ሠራሁ ይላል፣ መሐንዲሱ ልኬቱ አያሳይም ይላል፣ ልኬቱም ፔሮሉም ያለው በመሐንዲሱ እጅ ነው። በገበሬው በኩል የቀረበው ቃሉ ብቻ ስለሆነ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ ቢሮው ያጋድላል። ታዲያ የደመወዙ ጥያቄ ከመረጃው ጥያቄ ተለይቶ ሊፈታ እንደማይችል ያወቁት እዚያው ድንጋይ ሲሸከሙ እንጂ በከተማ አዳራሽ በተደረገ ውይይት አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚባለው በ1766 በስዊድን የወጣው ነው፤ ከዚያ ወዲህም በየአገሩ ጉዳዩ በአብዛኛው የጋዜጠኞችና የሕግ ምሁራን ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በራጃስታን ግን መረጃ የዕለት እንጀራ ጥያቄ ሆኖ ተነሣ።

ፔሮሉን ቀረብ ብለን እንየው። በመስመር የተከፋፈለ ሰፊ ወረቀት ነው። በግራ በኩል የሠራተኛው ስም አለ፤ ቀጥሎ ቀናቱ በትናንሽ ሣጥን ተደርድረዋል፤ በሠራበት ቀን ምልክት ይደረግለታል፤ ከዚያ የቀኑ ድምርና የሚከፈለው ገንዘብ፣ በመጨረሻም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ሌብነቱ በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ይሠራል። ካቦው ከሞተ የቆየ ሰው ስም ያስገባል፤ ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ የሄደውን ጎረቤት ጨምሮ ይጽፋል፤ አሥር ቀን ለሠራችው ሴት አሥራ አምስት ቀን ሞልቶ የአሥሩን ይከፍላታል፤ አንዱን ሰው በአንድ ቀን በሁለት የሥራ ቦታ ያውለዋል። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ባዶ ቅጽ ላይ አሻራውን እንዲያደርግ ይጠየቃል፣ ያደርጋል። ከፔሮሉ ጎን የዕቃ ደረሰኝ አለ፤ ያልመጣ ሲሚንቶ እንደመጣ፣ ከመንደሩ ጥግ የተለቀመው ድንጋይ በጭነት መኪና ከሩቅ እንደተጓጓዘ ተደርጎ ይወራረዳል። የካቦውን ሥራ መሐንዲሱ ያጸድቃል፣ የመሐንዲሱን ገንዘብ ያዡ፣ ከዚያ በላይ ያሉትም እያዩ ያልፋሉ። ኦዲተር ከከተማ ሲመጣ የሚያየው ድምሩ መግጠሙን፣ ደረሰኙ ማኅተም መያዙን፣ ፊርማው መሟላቱን ነው። ሦስቱም የተሟሉ ናቸው። ተራ ቁጥር ላይ የሰፈረው ሰው በሕይወት አለመኖሩን ግን ከወረቀቱ ሊያውቅ አይችልም።

የሚያውቀው መንደሩ ነው። ማኅበሩ ያመጣው አዲስ ነገር ወረቀቱንና መንደሩን አንድ ቦታ ማገናኘት ነበር፤ ጃን ሱንዋይ ይሉታል፣ የሕዝብ ሸንጎ ማለት ነው። የመጀመሪያው በዲሴምበር 2 ቀን 1994 በፓሊ አውራጃ ኮት ኪራና በተባለች መንደር ተካሄደ። ሰነዶቹ የተገኙት በሕግ ሳይሆን በጎ ፈቃድ ባለው ሹም በኩል ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ ቆመ፤ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና መምህራን ከውጭ ተጋብዘው በታዛቢነት ተቀመጡ፤ የሚከሰሱትም ሹማምንት መጥተው መልስ እንዲሰጡ ተጠሩ። ከዚያ ፔሮሉ ይነበብ ጀመር። ስም ይጠራል፣ የሥራው ቦታ ይነገራል፣ የቀኑ ብዛትና የተከፈለው ገንዘብ ይነበባል። ስሙ የተጠራው ሰው ካለ ተነሥቶ ይመሰክራል፤ ከሌለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይነሣል። በዚያው ወርና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ በተካሄዱት ሸንጎዎች ያልሠሩ ሰዎች ሠሩ ተብሎ የወጣ ክፍያ፣ አለቀ ተብሎ ሂሳቡ የተዘጋ ነገር ግን ጣሪያ የሌለው ሕንጻ፣ ያልደረሰ ዕቃ ደረሰኝ እየተነበበ ወጣ። ሕዝቡ ሌብነት መኖሩን ድሮም ያውቅ ነበር። አሁን ግን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሥራ፣ በማን ስም፣ ስንት ሩፒ እንደተወሰደ አወቀ፤ ሐሜት የነበረው ማስረጃ ሆነ።

ያልተማረ ገበሬ ስለ በጀትና ስለ ሂሳብ ሰነድ ምን ያውቃል የሚለው መከራከሪያ ያኔም ተነሥቷል፣ ዛሬም በብዙ አገር የተማረ ሰው አፍ ላይ ይገኛል። ኮት ኪራና ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ በፔሮሉ ላይ እንደቆፈረ የተጻፈለትን ሟች የቀበሩት እነዚያው ድንኳኑ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ጽሑፉ ከተነበበላት፣ ስንት ቀን እንደሠራችና ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ከማንኛውም ዲግሪ ካለው ኦዲተር በተሻለ ትናገራለች። የሚያነብላት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። እርግጥ በአደባባይ ተነሥቶ የመንደሩን ሹም ስም ጠርቶ መመስከር ድፍረት ይጠይቃል፤ ሥራ የሚሰጠውም የሚከለክለውም እሱ ነውና። ለዚህ ነው የውጭ ታዛቢዎቹና የጋዜጠኞቹ መኖር ጌጥ ያልነበረው። ብቻውን ወደ ቢሮ ገብቶ የሚጠይቅ ሰው ይመታል፤ በሺህ ሰው ፊት የመሰከረውን ለመምታት ግን ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሸንጎዎቹ እየተስፋፉ ሲሄዱ ችግሩ ሰነድ ማግኘት ሆነ። አንድ ደግ ሹም ሲቀየር በሩ ይዘጋል። በአፕሪል 1995 የክፍለ ግዛቷ ርዕሰ መስተዳድር ባይሮን ሲንግ ሼካዋት በምክር ቤት ተነሥተው ማንኛውም ሰው ከፍሎ የአካባቢ ልማት ሰነዶችን ቅጂ መውሰድ እንደሚችል አስታወቁ። ዓመት አለፈ፤ የተጻፈ መመሪያ አልወጣም። በአፕሪል 1996 ማኅበሩ ቢያዋር በተባለች የንግድ ከተማ እምብርት ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ። መንግሥት ፈጥኖ አንድ መመሪያ አወጣ፤ ሰነዱን ማየትና በእጅ መገልበጥ ይቻላል፣ ፎቶ ኮፒ ግን አይፈቀድም የሚል። ገበሬዎቹ አልተቀበሉትም፣ ልክም ነበሩ። በእጅ የተገለበጠ ወረቀት ባለሥልጣኑ "የኔ አይደለም" ሊለው የሚችል ወረቀት ነው፤ በፍርድ ቤትም በሸንጎም ዋጋ የለውም። ማኅተምና ፊርማ የሚታይበት ቅጂ እስኪፈቀድ አንነሣም ብለው 40 ቀን ተቀመጡ። ወቅቱ የአገር አቀፍ ምርጫ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ለማንም ፓርቲ አልወገነም። ከየመንደሩ ቤተሰቦች እህል አዋጡ፣ ሰዎች በየተራ ሥራቸውን እየተዉ መጥተው ተተካኩ፤ የቢያዋር ነጋዴዎችና አትክልት ሻጮችም እያዋጡ ረዱ። "ገንዘቡ የኛ፣ ሂሳቡም የኛ" የሚለው መፈክር ከዚህ ተነሥቶ በአገሪቱ ተሰማ። በዚያው ዓመት ጋዜጠኞች፣ ጠበቆችና ጡረታ የወጡ ሹማምንት ጭምር ያሉበት ብሔራዊ የመረጃ መብት ዘመቻ ተቋቋመ።

በተከታዩ ዓመት ጃይፑር ላይ የሆነው ነገር የዚህን ጥያቄ ልብ ያሳያል። ቃሉ አሁንም ስላልተፈጸመ ማኅበሩ በ1997 በክፍለ ግዛቷ ዋና ከተማ 53 ቀን ተቀመጠ። በመጨረሻ ምክትል ርዕሰ መስተዳድሩ ወጥተው፣ የፓንቻያትን (የሕንድ የመንደር ምክር ቤት) ሰነዶች ፎቶ ኮፒ ማግኘት የሚፈቅደው ደንብ ከስድስት ወር በፊት ወጥቶ በመንግሥት ጋዜጣ ታትሟል ብለው አስታወቁ። ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ ሰዎች ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው የከረሙት ቀድሞ ለተፈቀደ ነገር ነው፤ ያደራደሯቸው ሹማምንትም አንዳቸው እንኳ ይህን አልነገሯቸውም። ግልጽነትን የሚደነግግ ደንብ ራሱ ከሕዝብ ተደብቆ መኖር ከቻለ፣ መብት በወረቀት መስፈሩ ብቻውን ለባለመብቱ ምንም እንደማያደርግለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ራጃስታን በ2000 የራሷን የመረጃ መብት ሕግ አወጣች፤ ታሚል ናዱና ጎዋ የተባሉት ክፍለ ግዛቶች በ1997 ቀድመዋት ነበር። የሕንድ ፓርላማ በ2002 ያጸደቀው ደካማ ሕግ አንድም ቀን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የወጣው አዲሱ ሕግ በኦክቶበር 12 ቀን 2005 በሥራ ላይ ዋለ፤ ድንኳን ሥር የተቀመጡት ሰዎች እጅ በእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። ማመልከቻው 10 ሩፒ ያስከፍላል፤ ከድህነት ወለል በታች ላለ ሰው ነፃ ነው። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው ምክንያት አይጠየቅም። መጻፍ ካልቻለ በቃሉ የተናገረውን በጽሑፍ ማስፈር የሹሙ ግዴታ ነው። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ፣ የሰውን ሕይወት ወይም ነፃነት የሚመለከት ከሆነ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ሹም በቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ ይቀጣል፤ ቅጣቱ በራሱ በሹሙ ላይ እንጂ በመሥሪያ ቤቱ በጀት ላይ አይደለም። በዚያው ዓመት ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ የሚያረጋግጥ ሕግ ሲወጣ፣ ሂሳቡ በመንደር ጉባኤ ፊት እንዲመረመር የሚያዝ አንቀጽ ገባበት። የኮት ኪራና ሸንጎ የአገር ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ይህን በ2011 ከተነሣው ሌላ የሕንድ እንቅስቃሴ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የፀረ ሙስና ታጋዩ አና ሃዛሬ ዴልሂ ላይ በጾም አድማ ሲቀመጡ በአገሪቱ ከተሞች እጅግ ብዙ ሰው ተነሣ፤ ጥያቄው ሎክፓል የተባለ ሙስናን የሚመረምር ኃያል ተቋም ይቋቋም የሚል ነበር። አሩና ሮይና ጓደኞቻቸው የፀረ ሙስናውን ትግል ደግፈው በረቂቁ ግን አልተስማሙም፤ ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ተቋም መከመር አደገኛ ነው አሉ። ሕጉ በ2013 መጨረሻ ጸደቀ፣ የመጀመሪያው ሰብሳቢ የተሾሙት ግን በ2019 ነው። ከንቅናቄው መሪዎች አንዱ የነበሩት አርቪንድ ኬጅሪዋል ፓርቲ አቋቋሙ፤ በ2015 በዴልሂ ምክር ቤት ከ70 መቀመጫ 67ቱን አሸነፉ፤ በ2024 ራሳቸው በሙስና ክስ ታሰሩ፣ ክሱንም አልተቀበሉም፤ በ2025 ምርጫ ተሸነፉ። ፓርቲ ማቋቋም ስህተት ነው አልልም። አገር ያለ ፓርቲ አይመራም። ነገር ግን ሁሉን ተስፋ በአንድ ተቋም ወይም በአንድ መሪ ላይ የጣለ እንቅስቃሴ ተቋሙ ሲዘገይ፣ መሪው ሲወድቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ቅጂ የማግኘት መብት የያዘ ገበሬ ግን ማንም ቢመረጥ፣ ማንም ቢሻር ነገ ጠዋት ወደ ቢሮ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከመንግሥት ሠራተኛው ወገን የሚመጣው ነው። የጠያቂው ብዛት ሥራ ያስፈታል፣ ሹሙ ነገ እጠየቃለሁ ብሎ ውሳኔ ከመስጠት ይሸሻል ይላሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ2011 በሰጠው ውሳኔ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የጊዜውን ሦስት አራተኛ መረጃ በመሰብሰብ የሚያሳልፍበት ሁኔታ እንዳይፈጠር አስጠንቅቋል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ጠብ ፈላጊ ጠያቂም አይጠፋም። ሆኖም ሕጉ በአራተኛው አንቀጹ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ሳይጠየቁ በራሳቸው እንዲያወጡ ያዛል። የፓንቻያቱ ወጪ በግድግዳው ላይ በቀለም ከተጻፈ፣ ፔሮሉም ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ለእሱ ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አይኖርም። የማመልከቻው ክምር የሚያሳየው ስንት ነገር ተቆልፎ እንደቀረ ነው። ውሳኔ የሚያስፈራው ሹምም ምክንያቱን በፋይሉ ላይ በግልጽ ካሰፈረ የኋላ ኋላ ከማንም በፊት የሚጠብቀው ያ ወረቀት ነው።

ሌላው ወቀሳ ያማል፤ መልስ አለኝ ብዬም አላቃልለውም። ሕጉን የተጠቀሙ ብዙ ሰዎች ተገድለዋል። አሚት ጄትዋ በጊር ደን ዙሪያ ያለውን ሕገ ወጥ የማዕድን ቁፋሮ ሲታገል ቆይቶ በጁላይ 2010 በአህመዳባድ ከጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ሳቲሽ ሼቲ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ፑኔ አቅራቢያ ተገደለ፤ የመሬት ዝርፊያን የሚያጋልጡ ሰነዶችን ያሰባስብ ነበር። መረጃውን ለማግኘት ሕግ የቆመለት ሰው፣ መረጃውን ካገኘ በኋላ የሚጠብቀው አልነበረም። እዚህ ላይ የድንኳኑ ልማድ ከሕጉ የበለጠ ጥበብ ነበረው እላለሁ። ኮት ኪራና ላይ ጠያቂው መንደሩ በሙሉ ነበር፤ ሕጉ ሲወጣ መብቱ የግለሰብ ሆነ፣ ጠያቂውም ስሙንና አድራሻውን በማመልከቻ ላይ ጽፎ ብቻውን ቆመ። ብቻውን የቆመን ሰው መግደል ጥያቄውን ይገድላል ብለው ገዳዮቹ ያስባሉ። በቡድን መጠየቅ፣ የተገኘውንም ወዲያው በአደባባይ ማንበብ ከብዙ ሞት ሊያድን ይችል ነበር።

ሸንጎ ተደርጎ ስንት ሌባ ታሠረ የሚሉም አሉ። ጥቂት ነው። በ1998 በተካሄዱት ሸንጎዎች አንዳንድ የመንደር ሹማምንት የጎደለውን ገንዘብ በሕዝብ ፊት መልሰዋል፤ ብዙዎቹ ጉዳዮች ግን በፖሊስና በፍርድ ቤት መዘግየት ተውጠዋል። ቢሆንም ስርቆቱ በታወቀበት መንደር የሚቀጥለው ፔሮል ሲሞላ የካቦው እጅ እንደ ድሮው አይሮጥም፤ የሚነበብ መሆኑን ያውቃልና።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በ2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አፈጻጸሙን እንዲከታተልም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሥራ ተሰጥቷል። በቃል ደረጃ የሕንዱን ሕግ ይመስላል። ልዩነቱ የሕንዱ ከፔሮል የተነሣ፣ ገና ሳይጸድቅ በየመንደሩ የሚያውቀው ሰው የነበረው ሕግ መሆኑ ነው። የቀበሌውን የመንገድ መዋጮ ደረሰኝ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ዝርዝር፣ የትምህርት ቤቱን የግንባታ ውል ቅጂ ለመጠየቅ ቢሮ የገባ ሰው በእኛ ዘንድ ስንት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሥርዓት ለውጥ አይጠይቁም፣ ለማንም ወገን አያደሉም፤ አዋጁም ይፈቅዳቸዋል።

በሕንድም ቢሆን የተገኘው ሁሉ እንደተገኘ አልቆየም። በ2019 በሕጉ ላይ በተደረገ ማሻሻያ፣ ቀድሞ በሕግ የተወሰነው የመረጃ ኮሚሽነሮች የሥራ ዘመንና ደመወዝ በማዕከላዊው መንግሥት እንዲወሰን ሆነ፤ ዳኛው ደመወዙን ከተከሳሹ እጅ እንዲጠብቅ ማለት ነው። በ2023 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የከፋ ነገር አደረገ። ቀድሞ የግለሰብን ጉዳይ የሚመለከት መረጃ ሊከለከል የሚችለው ከሕዝብ ሥራ ጋር ግንኙነት ከሌለው ነበር፣ ያም ሆኖ የሕዝብ ጥቅም ካመዘነ ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ይህን ቅድመ ሁኔታ አውጥቶ የግል መረጃን በጅምላ ከለከለ። መንግሥት በሌላ አንቀጽ የሕዝብ ጥቅም ሚዛን አሁንም እንዳለ ይከራከራል። የግል ሕይወት መጠበቅ እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ግን ፔሮል ማለት የስም ዝርዝር ነው፤ ስሞቹ በጥቁር ቀለም ከተሰረዙ የሚቀረው ኦዲተሩ ድሮም ያየው የነበረው የገጠመ ድምር ብቻ ነው። ሟቹ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መሞቱን ማን ይመሰክራል?

የራጃስታን ማኅበር ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ከተሻገረ ቆይቷል። መረጃው ተገኝቶ ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ማን ነው የሚጠየቀው የሚለውን ይዘው፣ በ2015 መጨረሻ ከሌሎች ማኅበራት ጋር 100 ቀን የፈጀ ጉዞ ጀምረው ያኔ የነበሩትን የክፍለ ግዛቷን 33 አውራጃዎች በሙሉ ዞሩ፤ በየደረሱበትም ያልተመለሱ አቤቱታዎችን መዘገቡ። የሚጠይቁት የተጠያቂነት ሕግ ነው። የእያንዳንዱ ሹም ሥራ በዝርዝር ይጻፍ፣ አቤቱታ ሲቀርብ ደረሰኝ ይሰጥ፣ በተቆረጠ ቀን በጽሑፍ ይመለስ፣ አቤት ባዩ በተገኘበት ይሰማ፣ ሥራውን ያልሠራው ይቀጣ ይላሉ። የክፍለ ግዛቷ መንግሥት ሕጉን አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ረቂቅ አዘጋጀ፤ ሳያጸድቀው በ2023 ምርጫ ተሸንፎ ወረደ። የቢያዋርን ድንኳን በወጣትነታቸው የተከሉት አሁን አርጅተዋል፤ ረቂቁን ይዘው አዲሱንም መንግሥት እየጠየቁ ናቸው።